ከገጽ የዞረ

የምርጫ ክልል ሲሞት ለቅሶ የሚደረስለት እንዳይመስላችሁ። ደብዳቤ ይመጣል፤ አለቀ። ይሄኛው ሦስት መስመርና አንድ ማኅተም ነበረው። ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ የምርጫ ክልሉ ለሁለት ተከፍሎ ከግራና ከቀኝ ጎረቤቶቹ ጋር ይቀላቀላል፣ ጽሕፈት ቤቱ ይዘጋል፣ መዛግብቱም ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት መጋዘን ይሄዳሉ ይላል። ኃላፊው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና መነጽሩን አወለቀ። «እንግዲህ ታሪካችንን እንጻፍ» አለ። ሰው ሊሞት ሲል ይናዘዛል፣ መሥሪያ ቤት ሊዘጋ ሲል መጽሔት ያሳትማል።

ሥራው እንደተለመደው የወደቀው በመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያው ክፍል ውስጥ ፋይል ስታወጣና ስትመልስ ስሟ ተረስቶ ሁሉም «መዝገቧ» ነው የሚላት። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አላገባችም፤ ከአባቷ ጋር ትኖራለች። ክፍሏ አንድ መስኮት አለው፣ እሱም ካልተገፋ አይከፈትም። መደርደሪያዎቹን የሠራው አባቷ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ አንዱም አልተንጋደደም።

«ስምንት ገጽ ይበቃል» አላት ኃላፊው። «ማን ተወዳደረ፣ ማን አሸነፈ፣ በስንት ድምፅ። ቀልድ አያስፈልግም።»

ቀልድ አያስፈልግም ማለት ቀላል ነው። ታሪኩ ራሱ ቀልድ ሲሆን ሰው ምን ያድርግ? በመጀመሪያው ምርጫ የቀረበው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም፤ አሸነፈ። በሁለተኛው፣ ተወዳዳሪው ከምርጫው አራት ቀን ቀደም ብሎ ሞተ። ወረቀቱ ታትሞ አልቆ ስለነበር ስሙ እንዳለ ቀረ፤ ሕዝቡም አንጀቱን በላውና መረጠው። ሰባት ወር ሙሉ የክልሉ ተወካይ መቃብር ውስጥ ነበር። ሽማግሌዎቹ እስካሁን «እንደሱ ያለ ቃሉን ያላጠፈ ተወካይ አላየንም» ይላሉ። አራተኛው አሸናፊ ምክር ቤት ልገባ ነው ብሎ ዋና ከተማ ሄደና በዚያው ቀረ፤ የበላው ጅብ አልጮኸም። በአምስተኛውና በስድስተኛው አንድ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ተመርጦ ሁለት ጊዜ ያንኑ ድልድይ መረቀ። ድልድዩ እስካሁን የለም። በሰባተኛው ደግሞ ከመራጩ አስመራጩ የበዛበት ጣቢያ ተገኘ።

ሦስተኛውን ዘለልኩት አይደል? እሷም ዘላው ነበር። ስድስቱን ጽፋ ጨርሳ ያንን ለመጨረሻ አቆየችው፤ ምክንያቱም በሦስተኛው ምርጫ ውስጥ አባቷ አለ።

ነገሩ ሃያ ስምንት ዓመት ሆኖታል። አባቷ ያኔ የታወቀ አናጺ ነበር። በሯ የተነቀለባትም፣ አልጋው የተሰበረበትም፣ ሁሉም የሚጠራው እሱን ነው። ሰዎች «አንተ ብትወክለን እኮ» አሉት፤ እሱም አመነ። ምልክቱን መሰላል አደረገ። ወንድሙ ሲሰማ ሳቀ። ሚስቱ ደግሞ «ይቅርብህ፤ ይሄ ነገር ለእኛ አይሆንም» አለችው። እሱ ግን ቀረበ።

ውጤቱ በአደባባይ ሲነበብ፣ ጃንጥላ አምስት ሺህ ሁለት መቶ ስድስት፤ ሰዓት አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሰባ አራት፤ መሰላል ዘጠኝ።

ዘጠኝ! ወይ ጉድ! ከገዛ ቤቱ ብቻ አሥራ አንድ መራጭ ወጥቶ ነበር እኮ፤ እሱ፣ ሚስቱ፣ ወንድሙ፣ የወንድሙ ሚስት፣ እናቱ፣ ሁለት እህቶቹ፣ አማቱ፣ ሁለት ተከራዮችና አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ልጁ። ከተማው በዚያው ቀን ስም አወጣለት። ከዚያ በኋላ «ዘጠኝ» እንጂ ሌላ ስም የለውም። ጠረጴዛ የሚያሠራ ሰው ሳይቀር «በዘጠኝ ሚስማር ይበቃዋል?» እያለ ይቀልድበታል። እሱም ይስቃል። ቤቱ ሲገባ ግን አይስቅም።

ሰው ሁሉ እየመጣ ማለለት። ዳቦ ጋጋሪው ማለ፣ ልብስ ሰፊው ማለ፣ መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ «እኔ እንኳ አንተን ነው የመረጥኩት» አለው። «ሁሉም መረጥኩህ ይላል፤ ኮሮጆው ዘጠኝ ይላል» ይል ነበር አባቷ። «ማንን ልመን?» ከዚያ የከተማውን ሰው ጥሎ ወደ ቤቱ ዞረ። ከአሥራ አንዱ ሁለቱ አልመረጡኝም፤ እነማን ናቸው? ቀን እየለካ፣ እየቆረጠ፣ እየላገ ሲያስብ ከርሞ ሁለት ሰው አገኘ፤ የሳቀውን ወንድሙንና «ይቅርብህ» ያለችውን ሚስቱን።

ወንድሙ ዕቃውን ጭኖ ወጣ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ሰላምታ የላቸውም። ሚስቱን ግን አልጮኸባትም፣ አልመታትም፣ አልፈታትም። የባሰ አደረገ። «እርስዎ» ማለት ጀመረ። ትናንት «አንቺ፣ ነይ፣ ብይ» ይላት የነበረውን ሴት «ይቅረቡ፣ ይብሉ፣ አይድከሙ» አላት። ውጪ ያለ ሰው ሲሰማ ምን ያለ ጨዋ ባል ነው ይላል። እሷ ግን በእያንዳንዱ «እርስዎ» አንድ ክንድ እየራቀች ሃያ አራት ዓመት በአንድ ቤት ከእሱ ጋር ኖረች። ከአራት ዓመት በፊት ልትሞት ስትል እጁን ያዘችውና «እኔ መሰላሉ ላይ ነው ምልክት ያደረግኩት» አለችው። «እሺ፣ አይድከሙ» አላት። ይሄን መዝገቧ በጆሮዋ ሰምታለች።

ለሰፈሩ ሰው ሁሉ የፎቶ ፍሬም የሚሠራው ሰውዬ ለሚስቱ ፎቶ ፍሬም አልሠራም። ፎቶው በፖስታ እንዳለ መሳቢያ ውስጥ ነው። ልጁ በየጊዜው «አባዬ፣ የእማዬን ፍሬም» ትለዋለች። «እንጨት ሲገኝ» ይላታል፤ ቤቱ እንጨት በእንጨት ሆኖ!

አሁን ደግሞ ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ። ከሁለቱ አንዷ እሷ ነበረች። አባቷ ካሸነፈ ዋና ከተማ እንገባለን ብሎ ነበር፤ የእሷ ልብ ደግሞ በዚያ ዓመት አንድ ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ነበር። አንድ ድምፅ ምን ያመጣል ብላ ጃንጥላው ላይ ምልክት አደረገች። ብስክሌት ጠጋኙ በሦስተኛው ወር ሌላ አግብቶ ሄደ፣ ለዚህ ለዚህ! ዘጠኝ ሲነበብ ክው ብላ ቀረች። ልናገር አልናገር ስትል ቀን ቀንን ወለደ፤ በመጨረሻ ሆድ ይፍጀው አለችው። ሆድ ግን አልፈጀውም። እናቷ የሷን ዕዳ ተሸክማ ስትኖር እያየች ዝም አለች። አንዳንዴ እሷም ራሷ በልቧ «እሺ አንዷ እኔ ነኝ፣ ሌላኛዋስ ማን ናት?» እያለች እናቷን በጎን ታይ ነበር። ይሄንን ስታስብ እስከ ዛሬ ፊቷ ይቃጠላል።

ወደ መጽሔቱ እንመለስ። ሰንጠረዥ ስትሠራ የ«ዋጋ አልባ ድምፅ» ዓምድ ላይ ዓይኗ ተተከለ። በአንደኛው ምርጫ ሰማንያ ስምንት ወረቀት ተበላሸ፣ በሁለተኛው መቶ አራት፣ በአራተኛው መቶ ሃያ አንድ። በሦስተኛው ግን ሦስት ሺህ አርባ ስድስት! ኃላፊው ለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቶለት ነበር፤ «ሕዝቡ ገና ስላልነቃ በርካታ ወረቀት አበላሽቷል» የሚል። በአንደኛውና በሁለተኛው ነቅቶ የነበረ ሕዝብ በሦስተኛው ተመልሶ ተኛ እንዴ? አላሳመናትም። ወንበር ላይ ወጥታ የሦስተኛውን ምርጫ ማጠቃለያ መዝገብ ከአባቷ መደርደሪያ ላይ አወረደች።

በዚያ ዘመን ኮሮጆዎቹ ሁሉ ተሰብስበው እዚሁ ጽሕፈት ቤት ነበር የሚቆጠሩት። ቆጣሪዎቹ ከሩቅ የመጡ መምህራን ነበሩ፤ ቆጥረው ሲጨርሱ ሄዱ። መዝገቡ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ ቅጠል ሰጥቶታል፤ ጣቢያዎቹ ወደ ታች ተደርድረዋል። ጣቢያዎቹ ሃያ ሦስት ናቸው፤ ገጹ የሚይዘው ግን ሃያ ሁለት መስመር ብቻ። ሃያ ሦስተኛው ወደ ጀርባ ዞሯል። በጀርባው አናት ላይ «ከገጽ የዞረ» የሚል መስመር አለ፤ የፊቱን ድምር እዚያ አስቀምጠህ ነው የመጨረሻዋን ጣቢያ የምትጨምረው። ለጃንጥላው ተጽፏል። ለሰዓቱ ተጽፏል። መሰላሉ ጋ ሲደርስ የጽሕፈቱ እጅ ተለውጧል፤ ቆጣሪዎቹ የተቀያየሩት እዚህ ላይ መሆን አለበት። አዲሱ ሰው መስመሩን ባዶ ተወው። ከሥሩ «ጣቢያ ሃያ ሦስት፦ ዘጠኝ። ድምር፦ ዘጠኝ» ብሎ ዘጋው።

መዝገቧ ቅጠሉን ገለበጠች። ፊቱ ላይ ከላይ እስከ ታች የአባቷ ድምፅ ተደርድሯል፤ ሁለት መቶ አሥር፣ መቶ ሰማንያ አንድ፣ ዘጠና አራት… የራሳቸው ሰፈር፣ ጣቢያ ሰባት፣ ድምፅ ከሰጡት አራት መቶ ሠላሳ አንድ ሰዎች ሦስት መቶ ዘጠና ስምንቱ! ድምሩ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ አንድ ነው። አንድ ሰው ከታች በእርሳስ አስምሮበት ማንም አላዞረውም። መጨረሻ ላይ ሒሳቡ አልገጥም ያለው ሌላ ሰው የጎደለውን ወረቀት አንስቶ ዋጋ አልባ ላይ ደመረው። መቶ ሠላሳ አምስት የነበረው ሦስት ሺህ አርባ ስድስት ሆነ፤ ሒሳቡም ገጠመ።

ጣቢያ ሃያ ሦስት ከወንዙ ማዶ ነው፤ አባቷ እግሩ ረግጦት አያውቅም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ «ዘጠኙ ዘመዶቼ» ያላቸው ሰዎች በሕይወቱ አይቶ የማያውቃቸው ሰዎች ነበሩ።

ከሥር የተወዳዳሪው ፊርማ አለ። ያ ጅራቱ የረዘመ ፊርማ፣ በየጠረጴዛው ሆድ ላይ የሚያሰፍረው። ዘጠኝ ሲሉት አንገቱን ደፍቶ ፈርሞ ወጣ። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ሲል የሚውል ሰው ቅጠሉን አንድ ጊዜ እንኳ አልገለበጠም። እሷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከደስታም ነበር፣ አልዋሻችሁም። እናቷ ነጻ ወጣች፤ የእሷም አንዲት ድምፅ ከሦስት ሺህ ፊት ምንም ሆነች።

ኃላፊው መዝገቡን ወዲህ ወዲያ እያገላበጠ አየው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ላቡን ጠረገ።

«አሸናፊው ይለወጣል?»

«አይለወጥም ጋሼ። አባቴ ሁለተኛ ነው የሚሆነው።»

«ይግባኝ በአሥር ቀን ውስጥ ነበር። የጸደቀ ውጤት አይነካም፤ የማጸድቀው እኔ አይደለሁም።»

«በመጽሔቱ ግርጌ አንዲት መስመር ብቻ ይፍቀዱልኝ። ሌላ ምንም አልልም።»

«አንዲቷን መስመር ካስገባሁ ስድስቱንም ምርጫ እንደገና ቁጠሩ ይሉኛል። ማን ይቆጥራል? በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ እኮ የለንም!» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፣ ልጄ። ኮፒውን አንሺና ለአባትሽ አሳዪያቸው። እኔ አላየሁም።»

መጽሔቱ ዘጠኝ ብሎ ታተመ። «ሕዝቡ ገና ስላልነቃ» የምትለዋም አልቀረችም።

መዝገቧ ሁለቱን ገጾች ኮፒ አንስታ ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ወሰደች። አባቷ ግቢ ውስጥ የወንበር እግር ሲልግ ደረሰች። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ትንፋሹ ቶሎ ያጥረዋል፤ እርሳሷ ግን ዛሬም ከጆሮው ላይ አትወርድም። ወረቀቶቹን መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለትና መስመር በመስመር አስረዳችው። መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ጣቱን በየጣቢያው ላይ እየጎተተ ራሱ ደመረ። እንደገና ደመረ። ሦስተኛ ጊዜ ሊደምር ጀምሮ ተወው።

«ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ» አለ።

«አዎ አባዬ።»

«ዳቦ ጋጋሪው እውነቱን ነበራ!» አለና ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና እንባው ዱብ ዱብ አለ። ተነስቶ ወደ ቤት ገባ፤ መሳቢያውን ጎተተ፤ ፖስታውን ይዞ ወጣ። የጠረጴዛውን የእንጨት ብናኝ በእጅጌው ጠርጎ ፎቶውን አስቀመጠ።

«አንቺ ሴትዮ» አለ ለፎቶው። «አንቺ! ምነው ያኔ በጥፊ ብትመቺኝ?»

አንቺ አላት! መዝገቧ ይሄን ስትሰማ ግንቡን ተደገፈች። ሃያ ስምንት ዓመት ያልሰማችው ቃል ነው። ወዲያው ሜትሩን አወጣና የፎቶውን አራት ጎን ለካ። አሥር ጊዜ ባይሆን እንኳ አራት አምስቴ ለካ። በር ሥር ለዓመታት ያስቀመጠውን ጥሩ ጣውላ አነሳ። «ነገ ይደርሳል። ከነገ ወዲያ ደግሞ ወንድሜ ዘንድ እንሄዳለን» አላት። እሷ ያን ቀን የራሷን ነገር ልትነግረው አፏ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ደስታውን ላበላሽበት እንዴ ብላ ዋጠችው።

በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ጣውላው ተቆርጧል። ሦስቱ ጎን ተገጥሟል፤ አራተኛው ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። አባቷ ግን አይሠራም። የጣቢያ ሰባትን መስመር አስምሮበት፣ ኮፒውን ገልብጦ፣ ጀርባው ላይ በአናጺ እርሳስ ይጽፋል።

«ምን እየሠራህ ነው አባዬ?»

«አራት መቶ ሠላሳ አንድ ሰው ድምፅ ሰጠ። ሦስት መቶ ዘጠና ስምንቱ መረጠኝ» አለ ቀና ሳይል። «ሠላሳ ሦስቱስ?»

«ይሁና! ሠላሳ ሦስት ሰው ነው! በየትኛው አገር ነው ሁሉም የሚመርጠው?»

«እሱ ልክ ነው። ብቻ ማወቁ አይከፋም። ሠላሳ ሁለቱን አግኝቻቸዋለሁ።» ወረቀቱን አሳያት። ከላይ እስከ ታች ሰው ነው፤ ልብስ ሰፊው፣ የጥግ ቤቷ መበለት፣ ሁለቱ ተከራዮች፣ አራተኛ ላይ ወንድሙ። ቁጥር ሠላሳ ሦስት ባዶ ነው። «አንድ ቀረኝ» አለ።

ፎቶው ጠረጴዛው ላይ የለም። ፖስታው ተመልሶ መሳቢያው አፍ ላይ ተቀምጧል።

መዝገቧ ሆድ ይፍጀው ያለችው ነገር ሁሉ በአንዴ ወጣ። አጠገቡ ተንበረከከች። «እኔ ነኝ አባዬ። ሠላሳ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ጃንጥላው ላይ ነው ያደረግኩት። ዋና ከተማ መሄድ አልፈልግም ነበር፤ ያ ብስክሌት ጠጋኝ፣ ታስታውሰዋለህ… በእማዬ ሞት፣ እኔ ነኝ!»

አባቷ ቀና ብሎ አያት። እጁን ራሷ ላይ አደረገ፤ መዳፉ የእንጨት ሽታ አለው። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም። ርኅራኄ ነው ያለው፣ እሱ ነው የባሰው።

«ጥሩ ልጅ ነሽ» አላት። «እሳቸውን ለማዳን ብለሽ ነው። እኔ መች ጠፋኝ?»

«አባዬ፣ እውነቴን ነው!»

«ሁሉም እውነቴን ነው ይላል» አለ፤ እርሳሷን በምላሱ ነካ አደረገና ከሠላሳ ሁለተኛው ሥር «ባለቤቴ» ብሎ ጻፈ።